ሚካሳን ምን ቀለም ልቀባት?

ጥያቄውን በሞዴል ሠሪዎች የኢንተርኔት መድረክ ላይ የከፈተው ከአዲስ አበባ የሚጽፍ ልጅ ነው። የአክስቱ ልጅ ከሜሪላንድ ስትመጣ አንድ ትልቅ ካርቶን ይዛለት መጣች። ውስጡ የጃፓኑ ሃሴጋዋ ፋብሪካ የሠራው የሚካሳ የፕላስቲክ ሞዴል አለ፤ መጠኑ 1/350፣ ማለትም ከእውነተኛዋ 350 ጊዜ ያነሰ። ሚካሳ እ.ኤ.አ. በ1905 በቱሺማ ውጊያ ሩሲያን ያሸነፈውን የጃፓን ባሕር ኃይል የመራች የጦር መርከብ ናት። ልጁ እስካሁን የገጣጠመው መኪናና አውሮፕላን ብቻ ነው። መርከብ ሲሞክር የመጀመሪያው ነው።

የጠየቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቀለሙ ነው። ዛሬ ጃፓን ውስጥ ዮኮሱካ ላይ ቆማ የምትጎበኘዋ ሚካሳ በፎቶ ስትታይ አንድ ዓይነት ግራጫ ናት። ሰዎች ሠርተው የለጠፏቸው ሞዴሎች ደግሞ ሌላ ዓይነት ግራጫ ናቸው፤ አንዳንዶቹማ ጥቁር ለመሆን ትንሽ ነው የቀራቸው። ትክክለኛው የቱ ነው? ሁለተኛው የኪስ ጉዳይ ነው። የሞዴል ቀለም አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ልብ ስለማይገኝ የመኪና ቀለም ቢጠቀም ምን ችግር አለው?

ውይይቱ ከ30 መልስ በላይ ሄዷል። ግማሹ ከርዕሱ የወጣ ነው። የሚገርመው ከርዕስ የወጣው ውስጥ ነው አንዱ ጥሩ መልስ የተገኘው። ለማንኛውም መልሶቹን እንደ አመጣጣቸው በቁጥር ላውራቸው።

ቁጥር 1 እንኳን ደስ ያለህ ብሎ የካርቶኑን ፎቶ ጠየቀ።

ቁጥር 2 በቀጥታ ወደ ቀለሙ ገባ። የሞዴሉ ፕላስቲክ ፖሊስታይሪን ይባላል፤ መኪና የሚቀባበት ኒትሮ ቀለምና ቲነሩ ደግሞ ይበሉታል። ይህ ሰው አንድ ጊዜ የቮልስዋገን ሞዴል ጋራዥ ወስዶ አስረጭቶ ያውቃል። ኮፈኑ ተሸበሸበ። በሩን ያዝ ሲያደርገው የአውራ ጣቱ አሻራ እንደታተመ ቀረ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም ውስጡ አሴቶን ስላለ ያው ነው፤ ወደ ሞዴሉ እንዳታስጠጋው ብሎ አስጠነቀቀ። ምክሩ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም ነው። የስፔኑን ቫዬሆ መረጠ፤ ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ማስያዝ ይቻላል። የሚረጭ የጣሳ ቀለም ግን አውሮፕላን ላይ ስለማይፈቀድ ሰው ላይ ችግር እንዳታመጣ አለው።

ቁጥር 3 ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ቀለም ቀቢ ነው። የዚያ ቮልስዋገን ጥፋት የቀለሙ ሳይሆን የረጪው እጅ ነው ባይ ነው። መጀመሪያ ፕላስቲክ የሚይዝ ፕራይመር፣ ራቅ ብሎ፣ በስሱ፣ እርጥብ ሳይደረግ ይረጫል። ይደርቃል። ሌላ ስስ ይደገማል። ከዚያ በኋላ የላይኛው ቀለም ፕላስቲኩን አያገኘውም። እሱ ባምፐር በየቀኑ ይቀባል፤ አንድም ቀልጦበት አያውቅም።

ቁጥር 4 ላይ ቁጥር 2 ተመልሶ መጣ። አነጋገሩም ከረር አለ። የመኪና ባምፐር ሌላ ፕላስቲክ ነው፣ ፖሊስታይሪን አይደለም፤ ጀማሪን በሰው አገር ዶላር የተገዛ ሞዴል ላይ ኒትሮ ሞክር ማለት ደግሞ ግፍ ነው አለ። እንደኔ ሁለቱም ልክ ናቸው። ዕድሜውን ስፕሬይ ይዞ የኖረ ሰው ይችለዋል። ሌላው ባይነካው ይሻላል።

ውይይቱ መልክ የያዘው ቁጥር 5 ላይ ነው። የጻፈችው ቶኪዮ ውስጥ ካትሱሺካ የምትኖር ሴት ናት፤ ጃፓን ያሉት ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚገኙበት ሰፈር ነው። ልጆቿን ይዛ ዮኮሱካ ሄዳ ሚካሳን አይታለች። መጀመሪያ የነገረችው ነገር ብዙ ሰው አያውቀውም። መርከቧ ባሕር ዳር ትቁም እንጂ ባሕር ላይ አይደለችም። ቀፎዋ ዙሪያውን መሬት ውስጥ ተቀብሮ በኮንክሪት ተይዟል። ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ1922 (ዓ.ም. ካላልኩ ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የተፈረመው የዋሽንግተን የባሕር ኃይል ስምምነት ነው። በስምምነቱ መሠረት ሚካሳ ከአገልግሎት መውጣት ነበረባት። ለመታሰቢያነት እንድትቆይ የተፈቀደው ዳግመኛ እንዳትንቀሳቀስ ተደርጋ ነው። በ1926 ለሕዝብ ተከፈተች።

ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ፤ ጃፓን ተሸነፈች። የሚካሳ መድፎች ተነቀሉ። ምሰሶዎቿና ጭስ ማውጫዎቿም ሄዱ። ጀርባዋ ላይ የዓሣ ማሳያ ገንዳና የዳንስ አዳራሽ ተሠራ። እዚህ ላይ የካትሱሺካዋ ሴት አንድ የሣቅ ምልክት ብቻ አድርጋ አልፋለች። ያዳናት ከጠላት ወገን የነበረ ሰው ነው። አሜሪካዊው አድሚራል ኒሚትዝ ከወጣትነቱ ጀምሮ ቱሺማ ላይ የጃፓንን መርከቦች የመራው የአድሚራል ቶጎ አድናቂ ነበርና እድሳቱን ረዳ። በዚያው ሰሞን አልሚራንቴ ላቶሬ የምትባል የቺሊ የጦር መርከብ ለመፈራረስ ጃፓን መጥታ ስለነበር አንዳንድ ዕቃ ከእሷ ተወሰደ። እንደገና የተመረቀችው ግንቦት 27 ቀን 1961 ነው። ዛሬ የሚታዩት ትላልቅ መድፎች ቅጂ ናቸው። ስለዚህ የዛሬውን ቀለም የሚቀዳ ሰው የሚቀዳው የእድሳቱን ቀለም ነው፤ የውጊያውን አይደለም። ፎቶዎቿን ለቅርጽ ተጠቀምባቸው፣ ለቀለም አትመናቸው ብላ ጨረሰች።

እንዲህ ያለ መልስ ከተጻፈ በኋላ ሰው ዝም ይላል ተብሎ ይጠበቃል። አልሆነም። ቁጥር 6 ከለንደን ገባና ይቺ መርከብ መቼ ጃፓናዊት ሆነች አለ። የሠራት ቪከርስ ነው፤ ባሮው ኢን ፈርነስ፣ እንግሊዝ። ባሕር ላይ የወረደችው በኅዳር 1900፣ ተሠርታ ያለቀችው በ1902። መድፉ የእንግሊዝ፣ የእንፋሎት ማፍያዎቹ የፈረንሳዩ ቤልቪል ዓይነት፣ የሚነደው ምርጥ ከሰል እንኳ ከዌልስ የሚገዛ። ያኔ ጃፓን የነበሯት ስድስቱም ታላላቅ የጦር መርከቦች እንግሊዝ የተሠሩ ናቸው። የሰውየው መረጃ ልክ ነው። አነጋገሩ ግን የሰው ልጅ ምርቃት ላይ ቆሞ ሱሪህ የተውሶ ነው እንደሚል ሰው ነበር።

ቁጥር 7 ደሙ ፈላ። አድዋ ላይ የተተኮሰው ጠመንጃ እንጦጦ ነው እንዴ የተሠራው ብሎ ጀመረ። ከፈረንሳይ የመጣ ነበር፣ ከሩሲያ የመጣ ነበር፣ ከራሷ ከጣሊያን የተገኘም ነበር። ታዲያ ድሉ የማን ነው? ቁጥር 8 ላይ የለንደኑ እኔ ስለ ብረቱ እንጂ ስለ ድሉ አላወራሁም ሲል መለሰ። ቁጥር 9 ላይ ቁጥር 7 ብረትን ከድል የሚለይ ሰው ሁለቱንም አያውቅም አለ። እዚህ ጋ አንዳንድ አላስፈላጊ ቃል ተወራውሯል፤ አልደግመውም።

ቁጥር 10 ጸብ ውስጥ ሳይገባ አንድ ቁምነገር ጣል አድርጎ ሄደ። ፎቶ አንሺ ነው። የዚያ ዘመን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ለቀለም ምስክር ሊሆን አይችልም አለ። መስታወቱ ላይ የሚቀባው ኬሚካል ቀይን አያይም፤ ቀይ የሆነ ነገር ጠቁሮ ይወጣል፣ ሰማያዊ ደግሞ ነጥቶ ይወጣል። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ፎቶው ላይ ከእውነቱ ይልቅ ፈዞ ይታያል። በፎቶ ብቻ ቀለም የሚመርጥ ሰው የሚመርጠው የፊልሙን ጠባይ ነው።

ቁጥር 11 ከሃይፋ የሚጽፍ፣ መርከብ ብቻ የሚሠራ ሰው ነው። ለእኔ የውይይቱ ዋና መልስ ይሄ ነው። ጥያቄው ራሱ መስተካከል አለበት አለ። ሚካሳ ምን ቀለም ናት ብሎ መጠየቅ አይቻልም። የምን ቀን ሚካሳ ነው መባል ያለበት። ቀጠለና ዘረዘረ። በ1902 ከእንግሊዝ የወጣችው አንዷ ናት። ነሐሴ 1904 ቢጫ ባሕር ላይ ስትመታ የዋለችው ሌላ። ግንቦት 27 ቀን 1905 ቱሺማ ላይ ሰልፉን የመራችው ሌላ። በዚያው ዓመት መስከረም፣ የሰላሙ ውል ከተፈረመ ገና በሳምንቱ፣ ሳሴቦ ወደብ ውስጥ የጥይት ክፍሏ ፈንድቶ ሰመጠች። በጦርነት ያልሰጠመች መርከብ በሰላም ሰጠመች። በ1906 ተነሣች፤ በ1908 ወደ ሥራ ስትመለስ ትላልቆቹ መድፎች ተቀይረው ነበር። የዛሬዋን ደግሞ ካትሱሺካ ያለችው እህታችን ተናግራለች። ሞዴል ሠሪ ከእነዚህ አንዷን ይመርጣል፤ ሁሉንም አንድ ላይ መሥራት አይችልም።

ሃሴጋዋ ይህን ሞዴል ያወጣው በ2005፣ የቱሺማ ውጊያ 100ኛ ዓመት ላይ ነው። ስለዚህ ካርቶኑ ውስጥ ያሉት ክፍሎች የሚያወጡት የ1905ቷን ሚካሳ ነው፤ ሌላ ቀን የፈለገ ሰው መቁረጥና መቀጠል ይጠብቀዋል። ለ1905 የሚሆነው ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ የሆነ ጠቆር ያለ የጦርነት ግራጫ ነው። ከውሃው መስመር በታች ቀይ ቡኒ። የመርከቡ ወለል እንጨት። ከዚህ በላይ አታብዛው አለ የሃይፋው ሰው። አንድ ነገር ግን ጨመረ። መርከቧ በእውን 131.7 ሜትር ናት፤ በ1/350 ወደ 38 ሴንቲሜትር ትሆናለች። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ከግማሽ ሜትር ስታያት እውነተኛዋን ከ175 ሜትር እንደማየት ነው። በዚያ ርቀት አየሩ ራሱ ቀለሙን ያፈዘዋል። ስለዚህ ግራጫው ላይ ጠብታ ነጭ ይግባበት።

ቁጥር 12 አልተስማማም። ነጭ እየጨመርክ ስትሄድ ዞረህ የዮኮሱካዋን ነው የምታመጣት አለ። ቁጥር 13 ጠብታ ማለትና መዓት ማለት ይለያያል ብሎ አስታረቀ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ገመድ ዞረ። ሁለት ምሰሶ ያላት መርከብ ላይ ያለው ገመድና ሽቦ ብዙ ነው። የሬዲዮ ሽቦም አለ። በቱሺማው ውጊያ ቀን ሺናኖ ማሩ የምትባል የቅኝት መርከብ የሩሲያን መርከቦች ከንጋት በፊት አይታ መልእክቱን ያስተላለፈችው በገመድ አልባ ስለሆነ፣ የሚካሳ ሽቦ ዝም ብሎ ጌጥ አይደለም። ልጁ ክር ከየት ላምጣ ሲል ጠየቀ። ቁጥር 14 የልብስ ስፌት ክር አለ። ቁጥር 15 የሸማኔ ድር ይሻላል አለ። ቁጥር 16 ሁለቱንም ውድቅ አደረገቻቸው። ፀጉር ቤት ነው የምትሠራው። የጥጥ ክር ያጎፍራል፤ በዚህ መጠን መርከቡ ላይ ቁጥቋጦ የበቀለ ያስመስለዋል አለች። ለሹሩባ ከሚቀጠለው አርቴፊሻል ፀጉር አንዲት ዘለላ ሳብ ብታደርግ ግን ልሙጥ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ርካሽ ነው።

እኔ ይህን ሳነብ ጨብጨብ አድርጌያለሁ። ቁጥር 17 ሒሳቡን አመጣ። አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር የሚወፍር ክር በ350 ሲባዛ 35 ሚሊሜትር ነው፤ እንደዚያ የሚወፍር የሬዲዮ ሽቦ የለም። የሹሩባው ፀጉር ከዚያ ይቀጥናልና ለምሶሶ መወጠሪያ ይሆናል። ለሬዲዮው ከዚያም የቀጠነ ያስፈልጋል። ዘዴውንም አሳየ። ክፍሎቹ ተያይዘው የመጡበትን የፕላስቲክ ዘንግ ጣት በምታህል ቁራጭ ትቆርጣለህ። ሻማ ታበራለህ። ከነበልባሉ በላይ አድርገህ ታሽከረክረዋለህ፤ እሳቱ እንዳይነካው። መሐሉ አብረቅረቅ ብሎ መለስለስ ሲጀምር ከሻማው ታወጣዋለህ። ያኔ ነው የሚሳበው፤ ሻማው ላይ እያለ ከሳብከው ይበጠሳል። ቀስ ብለህ ስትስበው ይወፍራል፣ ቶሎ ስትስበው ይቀጥናል። ጥቂት እስክትቆጥር ድረስ ወጥረህ ትይዘዋለህ፤ ይደርቃል። በላሜታ ትቆርጠዋለህ። በስቴኪኒ ጫፍ ትንሽ ሱፐር ግሉ ነክተህ በወረንጦ ታስቀምጠዋለህ። ላላ ካለ የተለኮሰ የዕጣን እንጨት ጫፉን ጠጋ ስታደርግለት ራሱ ይወጠራል። ዕጣኑን ከየት እንዳመጣው ባላውቅም ይሠራል።

ቁጥር 18 የጥርስ ላብራቶሪ ቴክኒሺያን ነው። ማንም ያላነሣውን ነገር አነሣ፤ የአልጋ ጥቅሉን። አድሚራል ቶጎ ውጊያውን የመራው ከብረት ክፍሉ ውስጥ ሆኖ አይደለም፤ ከላይኛው ክፍት ድልድይ፣ መርከቡ ከሚታዘዝበት መድረክ ላይ ቆሞ ነው። ታዋቂው ሥዕልም እንዲሁ ያሳየዋል። የመጀመሪያው ሥዕል በ1923ቱ የቶኪዮ የመሬት መንቀጥቀጥ ተቃጥሎ፣ ሠዓሊው እንደገና ሠርቶታል። ሥዕሉ ላይ የድልድዩ አጥር ዙሪያውን በነጫጭ ጥቅል ተከቧል። እነዚያ የመርከበኞቹ ተንጠልጣይ የሸራ አልጋዎች ናቸው፤ ተጠቅልለው የሚታሰሩት የሚበታተን ብረት እንዲያስቀሩ ነው። ብዙ ሰው ሞዴሉን ሠርቶ ጨርሶ ይረሳቸዋል አለ። አንድ ጥቅል በእውን 30 ሴንቲሜትር ቢወፍር በሞዴሉ አንድ ሚሊሜትር አይሞላም። እሱ የሚሠራቸው ከሶፍት ነው። በውሃ የቀጠነ ነጭ ኮላ ነክሮ፣ መርፌ ላይ ጠቅልሎ፣ ሳይደርቅ በላሜታ ጀርባ ጫን ጫን ያደርግና የገመዱን ምልክት ያወጣል። መርከበኛው ራሱ አምስት ሚሊሜትር አይሞላም። ቶጎን መሥራት የፈለገ ሰው ጥቁር ነጥብ ላይ ጥቁር ነጥብ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ወዲያ ዓይን አይደርስም።

ፎቶውን ለጥፏል። ጥቅሎቹ ከአንድ የሩዝ ፍሬ አጠገብ ተደርድረው ነበር። ሩዙ ትልቅ ነው።

አሁን የጨሰው መጣ። ቁጥር 19 ሰንደቁን ጠየቀ። ቁጥር 20 የሚውለበለበው አራት ቀለም ያለው የዜድ የምልክት ባንዲራ ነው አለ። ከቀኑ 8 ሰዓት ሊሆን 5 ደቂቃ ሲቀረው ተሰቀለ፤ ትርጉሙም የአገር ዕጣ ፈንታ በዚህ ውጊያ ላይ ነውና ሁሉም የሚችለውን ያድርግ የሚል ነው። ጥቁሩ ወደ ምሰሶው፣ ሰማያዊው ወደ ውጭ፣ ቢጫው ከላይ፣ ቀዩ ከታች። ሰው ገልብጦ ይለጥፈዋልና ተጠንቀቅ። ከዚያ የጃፓን ባሕር ኃይል ባለጨረር ባንዲራ አለ። ቁጥር 20 እዚያ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ቀጠለና ይህ ድል የጥቁርም ድል ነው፣ አድዋና ቱሺማ ወንድማማች ናቸው፣ አባቶቻችን ጃፓንን አርአያ ያደረጉት በምክንያት ነው አለ። ምክንያት ነበራቸው፤ የኢትዮጵያ የ1923 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1931) ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ የሜጂ ሕገ መንግሥት አርአያ ተደርጓል። በዚያው እ.ኤ.አ. በ1931 ብላቴን ጌታ ኅሩይም ጃፓን ሄደዋል። ለውጥ የሚናፍቁትን ምሁራን ጃፓናይዘር፣ ማለትም የጃፓንን መንገድ ተከታይ፣ እስከማለት ተደርሷል።

ቁጥር 21 ሴኡል የሚኖር ነው። አልተሳደበም፤ ቁጣው ግን ይታወቃል። ያ ጦርነት በማን መሬት ጉዳይ ነበር ብሎ ጠየቀ። በኮሪያና በማንቹሪያ። ቱሺማ በግንቦት 1905 ሆነ፤ በኅዳር ኮሪያ የጃፓን ጥገኛ ተደረገች፤ በ1910 ተጠቀለለች። ለእኛ ነጭን ያሸነፈ ባንዲራ የሆነው ለጎረቤቱ ሰው ቤቱን የወሰደበት ባንዲራ ነው። የቃኘው ሻለቃ ልጆች ኮሪያ ድረስ ሄደው ደማቸውን ያፈሰሱት ለእነዚያ ሰዎች መሆኑን የሚያውቅ ሐበሻ ቢያንስ ይህን ያስብ አለ። ቁጥር 22 የመርከብ ሞዴል ላይ ፖለቲካ ምን አመጣው አለ። ቁጥር 21 የጦር መርከብ ከፖለቲካ ውጭ ለምን ይሠራል ሲል መለሰ፤ ይህ ቁጥር 23 ነው። ወገን መያዝ ካለብኝ የሴኡሉን ሰው እይዛለሁ። ባንዲራውን አትለጥፍ አላለም እኮ። ስትለጥፈው እያወቅህ ለጥፈው ነው ያለው።

ቁጥር 24 አወያዩ ነው። ሁለት መልስ አጥፍቶ ወደ ቀለሙ ተመለሱ አለ።

ማንም አልተመለሰም። ቁጥር 25 ለምን የሰው መርከብ እንሠራለን፣ ምጽዋ የነበረችውን የራሳችንን ኢትዮጵያ የምትባለዋን መርከብ ሞዴል የሚሸጥ የለም ወይ ብሎ ጠየቀ። ቁጥር 26 ታሪኳን ጻፈ። ቀድሞ ኦርካ የምትባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ነበረች፤ በባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን የምታገለግል። ፓሲፊክ ላይ ጃፓንን ወግታለች፤ ፊሊፒንስ አካባቢ ካሚካዜ አውሮፕላኖች ሞክረዋታል። በ1962 ለኢትዮጵያ ተሰጠች። በ1991 ከሌሎቹ መርከቦች ጋር ወደ የመን ወጣች፤ እዚያው ለብረት ተሸጠች። ርዝመቷ ወደ 95 ሜትር ስለሆነ ከሚካሳ አጠገብ ብትቀመጥ 27 ሴንቲሜትር ትሆናለች። ከፕላስቲክ ሉህ እየቆረጡ መሥራት ይቻላል።

ቁጥር 27 ላይ አንድ የቀድሞ የባሕር ኃይል ባልደረባ ብቅ አሉ። እስከዚያ ድረስ ሲያነቡ ቆይተው ነው የጻፉት። ልጆቼ ብለው ጀመሩ። ምጽዋ ላይ በየዓመቱ የባሕር ኃይል ቀን ሲከበር ጃንሆይ ይመጣሉ፤ የውጭ መርከቦችም ይመጣሉ። ከዚያ ቀደም ብሎ ለሳምንታት ሥራው ቀለም ነው። መርከበኛው በገመድ በታሰረ ጣውላ ላይ ተቀምጦ ከጎኗ ይወርዳል። በትንሽ መዶሻ ዝገቱን ይቀጠቅጣል፣ በብርሽ ይፍቃል፣ ቀይ ፀረ ዝገት ይቀባል፣ ከዚያ ግራጫ። አንዱ በርሜል ሲያልቅ ሌላው ይበጠበጣል። የጠዋቱ ግራጫና የከሰዓቱ ግራጫ አንድ ሆኖ አያውቅም። የምጽዋ ፀሐይ ደግሞ የቀኙን ጎን ካፈዘዘው ግራው ገና ትኩስ ነው። አለቃው ከሩቅ አይቶ አንድ ከሆነለት አንድ ነው። እናንተ የአንድ መርከብ አንድ ቀለም ስትፈልጉ ሳይ ገረመኝ፤ እኛ በአንድ መርከብ ላይ ሦስት ግራጫ ይዘን ለንጉሥ ሰልፍ እንወጣ ነበር አሉ።

ከዚያ እግረ መንገዳቸውን አንድ ነገር ጨመሩ። የሩሲያው አድሚራል ሮዤስትቬንስኪ ወደ ቱሺማ ሲሄድ አዳዲሶቹን ትላልቅ መርከቦች ይዞ አፍሪካን በደቡብ ዞረ። ከፊሉን ግን በስዊዝ በኩል ላካቸው። እነዚያ ቀይ ባሕርን አቋርጠው፣ በምጽዋና በአሰብ ፊት ለፊት አልፈው፣ በባብ ኤል ማንደብ ወጥተው ነው ወደ ሽንፈታቸው የሄዱት። መርከቦቹ ወራት ሙሉ መትከያ ስላላገኙ ሆዳቸው በባሕር አረም ተሞልቶ ነበር። የጃፓኖቹ ግን የሩሲያ ወደብና ምሽግ የነበረችው ፖርት አርተር በጥር ከወደቀች በኋላ ጊዜ አግኝተው ታድሰዋል። ስለዚህ ሚካሳን በዝገት እንዳትሞላት ሲሉ ልጁን መከሩት። ጭስ ማውጫዋ አፉ ላይ ጥቀርሻ ይኑረው፤ መልሕቋ የሚንጠለጠልበት ጋ ትንሽ ዝገት ይውረድ። ያን ቀን ማዕበል ስለነበር የፊት ቀፎዋ ላይ የጨው ምልክት ቢኖር ልክ ነው። ከዚያ በላይ የሰነፍ መርከበኛ ምልክት ነው፤ ቶጎ አይወድም።

ከዚህ በኋላ ያሉት መልሶች ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን፣ ፎቶ ካለዎት ይለጥፉልን ነው። ለንደኑ ሰውዬ ሳይቀር አመሰገነ። የሃይፋው ሰው ብቻ ነገሩን ወደ ሥራ ለወጠው። ሦስት ግራጫ የሚለውን እንውሰድ አለ። አንድ ግራጫ በጥብጥ፤ ከዚያ ወደ ሁለት ትንሽ ብልቃጥ ክፈለው፣ በአንዱ ነጭ ጠብታ፣ በሌላው ጥቁር ጠብታ ጨምር። ቀፎውን በዋናው ቀባ። ጎኗ ላይ ያሉትን የመድፍ መዝጊያዎችና የላይኛውን ክፍል እዚህም እዚያም በሌሎቹ ንካ ንካ አድርግ። ዓይን ለይቶ ካወቀው አብዝተኸዋል።

ልጁ ቁጥር 32 ላይ ተመልሶ መረጠ። ግንቦት 27፣ ከሰዓት፣ የዜድ ባንዲራው ወጥቶ የመጀመሪያው ጥይት ሳይተኮስ። ያን ቀን ሚካሳ ከ30 ጊዜ በላይ ተመትታለች፤ እሱ ግን የተበሳ ጭስ ማውጫ መሥራት ገና አይችልም። ባለጨረሩን ባንዲራ ይለጥፋል። መቀመጫው ላይ የሚጽፈው ግን ቀኑንና ቦታውን ብቻ ነው፤ ከሴኡሉ ሰው ጋር በውስጥ መስመር ተነጋግረናል ብሏል። አሁን ያለበት ችግር ሌላ ነው። የቀፎውን ስፌት ለመሙላት የመኪና ስቱኮ ተጠቅሞ በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቀው ጎን ያሉት ጥቃቅን ክብ መስኮቶች አብረው ጠፉ።

ቁጥር 33 የጋራዡ ቀለም ቀቢ ነው። መስኮቶቹን በግማሽ ሚሊሜትር መሰርሰሪያ በእጅ እየዞረ መልሶ እንዲከፍታቸው ነገረው፤ ከመብሳቱ በፊት የስኮች ፕላስተር ጠርዝ ይለጥፍና መስመሩን ይጠብቅ። ካስፈለገም ቅዳሜ ይዘሃት ና፣ ፕራይመሩን በነጻ እረጭልሃለሁ አለ። ቁጥር 34 ቁጥር 2 ነው። እባክህ ወንድሜ አትሂድ የሚል ነው።